የሴቶች የልብ ሕመም በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ልብ ሕመም ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ መልሶቹ ለመረዳት እንጂ ሐኪምን ለመተካት አልተጻፉም።

የልብ ሕመም የወንዶች፣ የሽማግሌዎችና የባለጠጎች በሽታ አይደለምን?

አይደለም። በዓለም ላይ ከሚሞቱ ሦስት ሴቶች መካከል የአንዷ ገደማ ሞት ምክንያቱ የልብና የደም ሥር በሽታ ሲሆን፣ ይህም ካንሰሮች ሁሉ በአንድ ላይ ተደምረው ከሚገድሏቸው ሴቶች ቍጥር ይበልጣል። ሴት ልጅ የወር አበባ በምታይባቸው ዓመታት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የልብን ደም ሥሮች በተወሰነ ደረጃ የሚጠብቅላት መሆኑ እውነት ነው፤ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ግን ይህ ጥበቃ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሆኖም ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ከዕድሜ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር ጋር የሚመጣውን፣ የልብን ደም ሥር የሚያጠብበውን ሕመም ብቻ ነው። በእኛ አገር በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካርድ ይዘው ከሚጠብቁት የልብ ታማሚ ሴቶች ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ የያዛቸውም በሽታ ሌላ ነው።

ታዲያ ወጣት ሴቶችን የሚያጠቃው የትኛው የልብ ሕመም ነው?

በዋናነት ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ነው። ልብ ውስጥ ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉ። ሩማቲክ የልብ ሕመም እነዚህን በሮች፣ በተለይም ሚትራል የሚባለውንና በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን በር ያቆስላል፤ ቍስሉ ሲጠግግ ጠባሳ ይሆንና በሩ ወይ ይጠብባል፣ ወይም መዝጋት ተስኖት ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። በዚህ ምክንያት ደም በሳምባ ላይ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ የሚያጥረውም ለዚህ ነው።

ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። በአፍሪካ ያለው ጫና ከፍተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የአዲስ አበባ መግለጫ በመባል የሚታወቀውን፣ በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት የሚጠይቀውን ሰነድ ተቀብለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ የውሳኔ ሐሳብ አሳልፏል። ስሙ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም በሽታው የቤታችን ነው።

የጉሮሮ ሕመም ከልብ ጋር ምን አገናኘው? እንጥል ማስቆረጥስ አይከላከለውም?

ነገሩ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ በሚመጣ የጉሮሮ ቍስለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ኀይል ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀውን መሣሪያ በራሱ በሰውነት ላይ ያዞራል። መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ሕመሙ ከጕልበት ወደ ቍርጭምጭሚት፣ ከክርን ወደ አንጓ ይዘዋወራል፤ ትኵሳት ይኖራል፤ ልብም ይቆስላል። መገጣጠሚያው ሳምንታት ቆይቶ ይድናል፤ ልብ ግን ጠባሳውን ይዞ ይቀራል። ልጅቷ አድጋ፣ ተድራ፣ አርግዛ ትንፋሽ ሲያጥራት ያኔ የታመመችውን ጕልበቷን የሚያስታውስ ሰው በቤት ውስጥ አይገኝም።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ይህን አይከላከሉም። ባክቴሪያው የሚገኘው በእንጥል ጫፍ ላይ ብቻ ስላልሆነ እንጥሉ ቢቆረጥም በጉሮሮ ውስጥ ይቀራል፤ በተጨማሪም ባልጸዳ ምላጭ ወይም ጥፍር ሕፃኗ ልትደማና ሌላ ኢንፌክሽን ሊይዛት ይችላል። ያለ ጕንፋንና ያለ ሳል ጉሮሮዋን የሚያማት፣ ለመዋጥ የሚያስቸግራት፣ ትኵሳት ያላትና አንገቷ ሥር ያበጠባት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። መድኃኒቱ ርካሽና ያረጀ ነው፦ ፔኒሲሊን። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ልብ እንዳይነካ ያደርጋል፤ እዚህ ገጽ ላይ ከተጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

ተራ ድካምን ከልብ ሕመም እንዴት መለየት ይቻላል?

ከለሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ሊጥ የምታቦካ፣ ውኃ የምትቀዳና ገበያ ደርሳ የምትመለስ ሴት «ደከመኝ» ስትል የሚደነግጥ የለም። ሐኪሞችም ቢሆኑ አንዳንድ ጊዜ ደም ማነስ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ጭንቀት ነው ብለው ይመልሷታል፤ በእርግጥም እነዚህ ሁሉ ድካም ያመጣሉ። መጠየቅ ያለበት «ትደክሚያለሽ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ካምና ዘንድሮ ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት ሳታርፍ የምትወጣውን ዳገት ዘንድሮ ሁለት ቦታ ቆማ የምትወጣው ከሆነ፣ ይህ የሥራ ብዛት ያመጣው ድካም አይደለም።

ይበልጥ ወደ ልብ የሚያመለክቱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦ በጀርባ ተንጋሎ መተኛት አለመቻልና ትራስ መደራረብ፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ ከእንቅልፍ መባነንና መስኮት መክፈት፣ ሌሊት ሌሊት የሚብስ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ማታ ማታ የሚያብጥና በጣት ሲጫኑት የሚሰረጕድ እግር፣ ሥርዐት ያጣ የልብ ምት፣ ራስን መሳት። ደም ያለበት ሳል ሲታይ ብዙውን ጊዜ ቲቢ ብቻ ይጠረጠራል፤ የአክታው ውጤት ነጻ ከሆነና ሳሉ ካልተወ ልብንም ማሳየት ተገቢ ነው።

ድንገተኛ የልብ ሕመም በሴት ላይ ምን ይመስላል? ደሴት ላይ ብንሆንስ?

በሴቶችም ቢሆን ዋናው ምልክት የደረት ሕመም፣ የመጫን ወይም የመጨምደድ ስሜት ነው። ነገር ግን ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ ብርድ ብርድ የሚል ላብ፣ በመንጋጋ፣ በጀርባ ወይም በክንድ ላይ የሚሰማ ሕመምና ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ ድካም አብረውት ይመጣሉ፤ አንዳንዴም የደረቱን ሕመም ይሸፍኑታል። እናታችን «ምች መታኝ» ብላ ዳማከሴ ስትጨመቅላት የሚያልፈው ሰዓት በሕክምናው እጅግ ውድ የሆነው ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ለመክፈት የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ለዘጌ ነዋሪ መኪናም ጀልባም አለ፤ ለደቅ ደሴት ነዋሪ ግን ጕዞው ሰዓታት የሚወስድ የውኃ ጕዞ ነው። ስለዚህ የታወቀ የልብ ሕመም ያለባት ሴት ካለች፣ የሞተር ጀልባ ያለው ማን እንደሆነ፣ በሌሊት ማን እንደሚጠራና ነዳጁ ከየት እንደሚገኝ ቤተሰቡ ሕመሙ ሳይነሣ መነጋገር አለበት። በጕዞ ላይ ታማሚዋን ማስተኛት ሳይሆን ደገፍ አድርጎ ማስቀመጥ ትንፋሽዋን ያቀልላታል።

በባሕር ዳር የት ልመርመር? ኢሲጂና ኢኮ ምንና ምን ናቸው?

መነሻው በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ በተለይ የሪፈር ወረቀት ሳይይዙ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስዎ ላይ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ምርመራ በከተማዋ ውስጥ ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ድረስ ይዘልቃል።

ኢሲጂ በደረትና በእጅ እግር ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ ይመዘግባል፤ የልብ ምት መዛባትንና የደም ሥር መዘጋትን ለማየት ይጠቅማል። ኢኮ ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ የልብ ጡንቻ ሲጨመቅ በስክሪን ያሳያል። የቫልቭ ሕመም የሚረጋገጠው በኢኮ እንጂ በኢሲጂ አይደለምና «ኢሲጂ ተነሥቼ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» የሚለው አነጋገር በራሱ መተማመኛ አይሆንም። ውጤቱን የያዘውን ወረቀት በላስቲክ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ የሚያክምዎ ሐኪም የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዘው ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ። በዚያ ከሚገኙት ተቋማት አንዱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ነው። የጠበበ ሚትራል ቫልቭ ሁልጊዜ ደረት መክፈት እንደማይጠይቅም ማወቅ ይበጃል፤ ሁኔታው ከፈቀደ በጭን ሥር በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ባለ ፊኛ ሊሰፋ ይችላል።

የደም ግፊቴ ስንት ሲሆን ልሥጋ? ጨውን፣ ቅቤንና ቡናንስ ልተው?

በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት አለ ይባላል። በእርግዝናዋ ወቅት ግፊት የነበራት፣ በተለይም ፕሪ ኤክላምፕሲያ የሚባለው ከባድ የእርግዝና ግፊት የያዛት ሴት፣ ከወለደች በኋላ ግፊቱ ቢወርድላትም ወደፊት የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሏ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ በየዓመቱ መለካት ይኖርባታል። በእርግዝና የመጣ ስኳርም እንዲሁ ሊዘነጋ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በእኛ ማእድ ጨው የሚገባው ከወጡ ጋር ብቻ አይደለም፤ በርበሬው ሲደለዝ፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ በገጠሩም ቡና በጨው ይጠጣል። ሁለት ሦስት ስኒ ቡና ለአብዛኛው ሰው ልብ አያሠጋም፤ የሚያሠጋው ስኒው ውስጥ ያለው ጨው ነው። የሚረጋውን የፓልም ዘይትና ቅቤን መቀነስ፣ በኑግ ዘይት መተካት፣ ቀረሶውንም በዘይት አስምጦ ከመጥበስ ይልቅ በወጥ መሥራት ይሻላል። ከምግቡ ባልተናነሰ ደግሞ የማጀቱ ጭስ አለ፦ የእንጨትና የኩበት ጭስ ሳምባን ብቻ ሳይሆን የልብንም ደም ሥር ይጎዳል፤ በምድጃ ፊት የሚቆመውም ማን እንደሆነ ይታወቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ በእግር ለመሄድም ሆነ ብስክሌት ለመንዳት ትመቻለች፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ይበቃል።

የወር መርፌውን እስከ መቼ ልወጋ? መርፌው ገድሎ ያውቃል ይባላልና እፈራለሁ።

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ ሩማቲክ ሕመም ለያዛቸው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው ያለውን ጠባሳ ለማጥፋት ሳይሆን ሌላ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ዳግም ልብን እንዳያቆስል ለመከላከል ነው። ልቧ ያልተነካ ልጅ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመቷ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ጊዜ ትወጋለች፤ የቫልቭ ጕዳት የቀረባት ግን ቢያንስ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመቷ፣ እዚህም የሚረዝመውን፣ አንዳንዴም ዕድሜዋን ሙሉ ትቀጥላለች። ደኅና ስለሆኑ ብቻ መርፌውን ማቋረጥ ትልቁ ስሕተት ነው።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ለመርፌው ሲሉ ብዙ መንገድ ሄደው «እኛ አንወጋም» ተብለው የተመለሱ ሴቶችም አሉ። ከባድ የፔኒሲሊን አለርጂ አለ፤ ይሁን እንጂ እጅግ ጥቂት ሰዎችን ነው የሚያጋጥመው። ቫልቫቸው በጣም በተጎዳና ልባቸው በደከመ ሰዎች ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ግን ከአለርጂ አይመጣም፤ የደከመ ልብ የመርፌውን ሕመምና ድንጋጤ አለመቋቋሙም አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ታማሚዎች ሐኪሙ መርፌውን በኪኒን ሊተካ ይችላል። ለሌሎቹ በልቶና ውኃ ጠጥቶ መሄድ፣ ተኝቶ መወጋትና ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በጤና ተቋሙ መቆየት ይረዳል።

ጾሙንና ጠበሉን ከመድኃኒት ጋር እንዴት ላስኪደው?

የጾም ምግብ ጮማና ቅቤ ስለሌለው ለልብ መልካም ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋቱን ኪኒን ትዘልላለች፤ ውኃ የሚያሸና መድኃኒት ወስዳ እህል ውኃ ሳትቀምስ የዋለችም ራሷን ልትስት ትችላለች። አንዳንዱን መድኃኒት ወደ ማታ ማዛወር ስለሚቻል ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር፣ የማይዛወር ከሆነም ለንስሐ አባት መንገር ያስፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታቀልል ካህናቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ረመዳንን ለሚጾሙ እኅቶችም ምክሩ ያው ነው።

ጠበልና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። የሚጎዳው ጠበል ቦታ ሲገቡ መድኃኒቱን ጥሎ መግባት ነው። ልቧ የደከመ ታማሚ ብዙ ውኃ መጠጣትም ሆነ በብርድ ለረጅም ጊዜ መጠመቅ ሊያስቸግራት ስለሚችል መጠኑን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ሐዘን ልብ ይሰብራል የሚባለው እውነት ነው?

በአንድ መልኩ አዎን። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች ታኮትሱቦ ብለው የሰየሙት ሕመም አለ፤ ከድንገተኛ መርዶ ወይም ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የልብ ጡንቻ ለጊዜው ይዝላል፤ በአብዛኛውም የሚይዘው የወር አበባ ያቋረጡ ሴቶችን ነው። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። ነገር ግን በለቅሶ ቤት ደረቷን ይዛ የወደቀችን እናት «ሐዘን ነው፣ ያልፍላታል» ብሎ መተው አይገባም፤ ምልክቱ ከልብ ደም ሥር መዘጋት ጋር አንድ ስለሆነ የሚለየው በሆስፒታል ብቻ ነው።

የልብ ሕመም ካለብኝ የትኛውን የወሊድ መከላከያ ልጠቀም?

ኤስትሮጅን ያለበት በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው የደም ግፊት፣ የጠበበ ቫልቭ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለባት ሴት አይመከርም። በክንድ የሚቀበረውና ኤስትሮጅን የሌለበት መከላከያ ለአብዛኞቹ ይስማማል። ለባለሙያዋ «ልቤን ያመኛል» ብሎ መናገር ግን ግድ ነው፤ ካልተጠየቅሁ አልናገርም ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

የቫልቭ ሕመም እያለብኝ ማርገዝ እችላለሁን?

ብዙዎች ይችላሉ፤ አንዳንዶች ግን አይገባቸውም። የሚለየውም ከማርገዝ በፊት በሚደረግ ኢኮ ነው። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ልብም ፈጥኖ ይመታል። የጠበበ በር ደግሞ ይህን ሁሉ ደም ማሳለፍ አይችልም። ስለዚህ ሳይታወቅ የኖረ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው ወር በኋላ ይገለጣል። በሩ አስቀድሞ ቢሰፋ ኖሮ በሰላም ትወልድ የነበረች ሴት ሳትመረመር አርግዛ በመጨረሻው ወር በድንገተኛ ክፍል የምትገኝበት ጊዜ አለ። የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስድም መከለስ አለባት፤ ለምሳሌ ኤናላፕሪል ጽንሱን ስለሚጎዳ በሌላ ይተካል።

ሕመሙን ከእጮኛና ከአማት የመደበቅ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። «ልበ ሕመምተኛ ናት» ከተባለ ትዳሩ ይፈርሳል የሚለው ሥጋት የሚገባ ነው፤ ሆኖም ያልተነገረው ባል በእርግዝናዋ ጊዜ የሚቀርባት ረዳት ሊሆናት አይችልም። ብትፈቅድ አንዱን የሐኪም ቀጠሮ አብሮ እንዲገባ ማድረግ ብዙ ማስረዳት ያስቀራል።

ከወለድሁ በኋላ እግሬ አበጠ፣ ትንፋሽም ያጥረኛል፤ የአራስነት ነገር ነውን?

ላይሆን ይችላል። ከመጨረሻው የእርግዝና ወር አንሥቶ ከወለዱ እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቀድሞ ጤነኛ የነበረ የልብ ጡንቻ የሚደክምበት ሕመም አለ። ይህ ጊዜ ከእኛ የአራስ ቤት ሥርዐት ጋር ይገጣጠማል፦ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናት ከቤት አትወጣም፤ ገንፎውና አጥሚቱ ሲያሳብጣት እንደ ምቾት ይታያል። ፊቷ የሞላው በምቾት ይሁን በውኃ የሚለየው ተንጋላ መተኛት መቻሏ ነው። ተንጋላ መተኛት ካቃታት የክርስትናው ቀን ሳይጠበቅ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ከዳነች በኋላም ዳግም ከማርገዟ በፊት ኢኮ መነሣት ይኖርባታል፤ በሁለተኛው እርግዝና ሊመለስ ይችላልና።

ብረት ቫልቭ ተተክቶልኝ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፤ ጎመን መብላትና መውለድስ?

ዋርፋሪን ደም በቫልቩ ላይ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሲሆን መጠኑ የሚስተካከለው አይኤንአር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ኀይል ይቀንሳሉ። ይህ ማለት ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው የሚፈለገው። በእኛ አገር ግን ጾም ሲገባ ጎመን ይበዛል፣ ሲፈታ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጾም በገባና በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ምርመራውን መድገም አስተዋይነት ነው። ለወገብ ሕመም ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ደም ያፈስሳል፤ የቤት መድኃኒቶችንም ለሐኪም ሳይነግሩ መደረብ አይገባም።

መውለድን በተመለከተ ጥያቄው ከሁሉ የከበደ ነው። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የጽንሱን አጥንትና አፍንጫ ሊያበላሽ ይችላል፤ በፍርሃት መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ቫልቩ በረጋ ደም ተዘግቶ እናትየዋ እንድትሞት ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሙ እንደ መጠኑ በዚያ ወቅትና በመውለጃዋ ሰሞን ሄፓሪን በተባለ መርፌ ሊተካው ይችላል። የወር አበባ በአንድ ሳምንት እንኳ ከዘገየ በዚያው ቀን ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ገና ቀዶ ሕክምናውን የምትጠብቅና ልጅ የምትሻ ሴትም ከቀዶ ሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገር፦ ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፤ ነገር ግን በወጣቶች ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ያረጅና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።